የአይጥ ወገንን ከሌሎች ትናንሽ አጥቢ እንስሳት መለየት

በማሳ፣ በጎተራና በመኖሪያ ቤት አካባቢ የሚታይ ትንሽ እንስሳ ሁሉ አይጥ አይደለም። አይጥ ሰብል ያጠፋል፤ የተከማቸውንም እህል በሽንቱና በዓይነ ምድሩ ይበክላል። በአንጻሩ አይጥ የሚመስሉ አንዳንድ እንስሳት ተባይ ነፍሳትን እየተመገቡ አርሶ አደሩን ይጠቅማሉ። ስለሆነም መርዝ ከመቀመጡ በፊት ጉዳት አድራሹ እንስሳ በትክክል መለየት አለበት።

የአይጥ ወገን መለያ

ዋናው መለያ ጥርስ ነው። የአይጥ ወገን በላይኛውም ሆነ በታችኛው መንጋጋ ፊት ለፊት አንድ ጥንድ መቁረጫ ጥርስ ብቻ አለው። እነዚህ ጥርሶች ዕድሜ ልክ ስለሚያድጉ እንስሳው ዘወትር ይቆረጥማል። የክራንቻ ጥርስ የለውም፤ በመቁረጫና በመንጋጋ ጥርሶቹ መካከልም ሰፊ ክፍተት ይታያል። በዚህ መለያ መሠረት ፍልፈልና ጃርት መልካቸው ከአይጥ ቢለይም የአይጥ ወገን ናቸው።

ከአይጥ ጋር የሚምታቱ እንስሳት

• አፈ ሾጣጣ ነፍሳት በል፦ በመጠን ትንሽ አይጥ ይመስላል። አፍንጫው ረጅምና ሹል፣ ዓይኑ በጣም ትንሽ፣ ጥርሶቹም ተከታታይና ሹል ናቸው። ምግቡ በዋናነት ነፍሳትና ትላትል ነው።
• የሌሊት ወፍ፦ ክንፍ ያለውና በራሱ ኃይል የሚበር ብቸኛው አጥቢ እንስሳ ነው። በጣሪያ ሥር የሚኖሩት አብዛኞቹ ነፍሳት በል ናቸው።
• ጥንቸል፦ ከላይኛው መቁረጫ ጥርሶቿ ጀርባ ሌላ ጥንድ ትናንሽ ጥርሶች አሏት። ቡቃያ የምትበላ ከሆነ ማሳውን ማጠር ተመራጭ ነው።
• ሽኮኮ፦ ጅራቱ አይታይም፤ የጣቶቹ ጥፍሮች እንደ ሰኮና ጠፍጣፋ ናቸው። በዝምድና ከአይጥ ይልቅ ለዝሆን ይቀርባል።

ከምልክት መለየት

እንስሳው ባይታይም ምልክቱ ይናገራል። በጆንያ፣ በእንጨት ወይም በበቆሎ ላይ ጎን ለጎን የሚታዩ የሁለት ጥርስ ፋቶች አይጥ መኖሩን ያመለክታሉ። የአይጥ ዓይነ ምድር ሲደርቅ ጠንካራ ነው። የነፍሳት በል የሌሊት ወፍ ግን በእንጨት ሲጫኑት ይፈረፈራል፤ የነፍሳት ስባሪም ይታይበታል።

ጥንቃቄ

የአይጥ መርዝ አይጥን ብቻ መርጦ አይገድልም። ሕፃናትን፣ ዶሮንና ውሻን ሊጎዳ ይችላል። የተመረዘ አይጥ የበሉ ድመትና ጉጉት ሊሞቱ ይችላሉ፤ እነዚህ አዳኞች ሲቀንሱ ደግሞ አይጥ ይበዛል። ስለዚህ በቅድሚያ የማሳ ዳርቻን ማጽዳት፣ ጉድጓዶችን መድፈንና ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርጎ መሥራት ይመከራል።

እንስሳውን መለየት ያልቻለ ሰው በባዶ እጁ ሳይነካ ፎቶግራፍ አንሥቶ ወይም ምልክቱን አስተውሎ ለቀበሌው የግብርና ልማት ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ያሳውቅ። በእንስሳ የተነከሰ ሰው ቁስሉን በውኃና በሳሙና በሚገባ አጥቦ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይኖርበታል።