ስሙ ፎቶ፣ ሆዱ ፒዲኤፍ

ማታ 4 ሰዓት ላይ እህቴ ደወለች። «የዲግሪዬ ፎቶ አልከፈት አለኝ፤ ማመልከቻው ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ይዘጋል!» ፋይሉን በቴሌግራም ላከችልኝ። ስሙ መጨረሻ ላይ ጄፒጂ ይላል፤ የኔም ስልክ እምቢ አለ።

የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው፤ ግን ስልኬ ላይ ተርመክስ አለ። ኤክስኤክስዲ የምትባለውን ትዕዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር ጻፍኩ። እሷ እያንዳንዱን ባይት በሁለት የሄክሳዴሲማል ምልክት ታሳያለች፤ ከ0 እስከ 9፣ ከዚያ ከኤ እስከ ኤፍ። የመጀመሪያዎቹ አራት ባይቶች፦ 25 50 44 46። የፒዲኤፍ መታወቂያ! የጄፒጂ ፎቶ ቢሆን ኖሮ በኤፍኤፍ ዲ8 ይጀምር ነበር።

የስሙን መጨረሻ ወደ ፒዲኤፍ ቀየርኩት፤ ተከፈተ። እህቴ 5:40 ላይ አስገባች።

እናንተም ፋይል አልከፈት ካላችሁ ለመሰረዝ አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ ሆዱን እዩት።