ከአየር የተሠራ ሞላ

የብስክሌት ጎማ መንፊያ እጃችሁ ከገባ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የአየር መውጫውን በአውራ ጣታችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ድፈኑና እጀታውን ወደ ታች ግፉት። ትንሽ ይወርዳል፤ ከዚያ እምቢ ይላል። ስትለቁት ራሱ ተመልሶ ብድግ ይላል። ውስጡ ሞላ የለም፣ ላስቲክም የለም፤ እጃችሁን የመለሰው የታፈነው አየር ነው። ኤድጋር ቪልቸር የሚባል አሜሪካዊ ይህንኑ ሁላችንም የምናውቀውን ነገር ስፒከር ውስጥ አስገባና ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሙዚቃ የሚሰማበትን መንገድ ለወጠው። ስለ እሱ ላወራችሁ ከጓጓሁ ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ ግን ችግሩን እንየው። ስፒከር በመሠረቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚመላለስ ሾጣጣ ወረቀት ነው። ከጀርባው የሽቦ ጥቅል አለ፤ ጥቅሉ ማግኔት መሀል ተቀምጦ ኤሌክትሪኩ እንዳዘዘው ወረቀቱን ይነዳዋል። ችግሩ ወረቀቱ ሁለት ገጽ ያለው መሆኑ ነው፤ ፊቱ አየሩን ሲገፋ ጀርባው በዚያው ቅጽበት ይስባል። ድምፁ ቀጭን ከሆነ ይህ ብዙም አይጎዳም። ወፍራሙ ድምፅ ግን ዞሮ ከጀርባው ጋር ይገናኝና ሁለቱ ይጠፋፋሉ። አንድ ጊዜ ከአሮጌ ቴፕ የወጣ ስፒከር ያለ ሳጥን እጄ ላይ ይዤ ሙዚቃ ከፈትኩበት። ዘፋኙ ይሰማል፣ ባስ ጊታሩ ግን የለም። ከካርቶን ላይ በልኩ ክብ ቆርጬ ስፒከሩን ቀዳዳው ላይ ስደግፈው፣ የጠፋው ባስ ከየት መጣ ሳይባል መጣ። ካርቶኑ ምንም አልጨመረም፤ ፊቱንና ጀርባውን ለያየ እንጂ።

እንግዲያው ስፒከሩን ሳጥን ውስጥ ዘግተን ብንገላገልስ? የጎማ መንፊያው እዚህ ላይ ይመጣል። ሳጥኑ ትንሽ ከሆነ ውስጡ የታፈነው አየር ወረቀቱን መልሶ ይገፋዋል። የያኔው ስፒከር ደግሞ ያለዚያም ግትር ነበር፤ ወረቀቱን ከብረቱ ክፈፍ ጋር የሚያያይዘው ጠርዝና ከኋላ የሚይዘው የተጨማደደ ጨርቅ ጠንካራ ስለሆኑ እነሱም እንደ ሞላ ይመልሱታል። በግትር ሞላ ላይ ሌላ ሞላ ሲደረብ ወረቀቱ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ ያቅተውና ባሱ ይሞታል። መፍትሔው ሳጥኑን ማግዘፍ ብቻ ይመስል ነበር። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ጥሩ ባስ የፈለገ አሜሪካዊ ቁም ሣጥን የሚያህል ነገር ሳሎኑ ውስጥ ማቆም፣ አለዚያም የቤቱን ግድግዳ መብሳት ነበረበት።

ቪልቸር ጥያቄውን ገለበጠው። አየሩ ሞላ መሆኑ ካልቀረ፣ የስፒከሩን የራሱን ሞላ ለምን አናላላውም? ጠርዙ ወረቀቱን መሀል ላይ ከመያዝ ያለፈ ሥራ እንዳይኖረው አድርገን የመመለሱን ሥራ በአብዛኛው ለታፈነው አየር እንተወው። ሁሉም እንደ ጠላት የሚሸሸው አየር የማሽኑ አካል ሆነ ማለት ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን የሳጥኑ ማነስ አይደለም። ጨርቅና ወረቀት እንደ ሞላ ሲታዩ ታማኝ አይደሉም፤ መጀመሪያ ላይ ይለግማሉ፣ መጨረሻ ላይ ጭምድድ አድርገው ይይዛሉ። ወረቀቱ ሁለት እጥፍ ሲሄድ የሚመልሰው ኃይል ሁለት እጥፍ ካልሆነ፣ ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ከሸክላው ላይ ያልነበረ ነገር ይጨምራል፤ መዛባት የምንለው ይህ ነው። አየር ግን በእንዲህ ዓይነቱ አጭር እንቅስቃሴ ልክ በተገፋው መጠን ይመልሳል። ስለዚህ ትንሹ ሳጥን ከትልቁ ማነሱ ብቻ ሳይሆን ይበልጥ የጠራ ባስም አወጣ። የተከፈለበት ዋጋም ነበር፤ እንዲህ ያለው ስፒከር ብዙ ኃይል ስለሚበላ ጠንከር ያለ አምፕሊፋየር ይፈልጋል።

ሰውዬው በትምህርቱ መሐንዲስ አልነበረም። በ1917 ኒው ዮርክ ተወልዶ እዚያው ሲቲ ኮሌጅ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማረ፤ ምኞቱ የቲያትር መድረክ መንደፍ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣና የአሜሪካ ጦር የሬድዮና የራዳር ጥገና አስተማረው፤ ኒው ጊኒ ድረስም ሄዶ አገለገለ። ከጦርነቱ በኋላ ግሪንዊች ቪሌጅ ውስጥ የሬድዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ፣ መጽሔት ላይ ስለ ድምፅ ጻፈ፣ በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲም የማታ ትምህርት ማስተማር ጀመረ።

ሐሳቡን ሊፈትን ሲነሳ እንዲያ ያለ ልል ስፒከር ገበያ ላይ የለም። የተገዛ ስፒከር ወሰደና ጠርዙን ቆርጦ ጣለው። በምትኩ ያስገባው የፍራሽ ልብስ የሚሰፋበትን ጨርቅ ነው። ጨርቁ እንዴት ተቆርጦ ክብ እንደሚሆን ንድፉን ያወጣችው ባለቤቱ ሮዝሜሪ ነበረች። እስቲ አስቡት፤ የአንድ ኢንዱስትሪ አቅጣጫ የተለወጠው በፍራሽ ጨርቅና በመቀስ ነው።

ነባሮቹ አምራቾች ሐሳቡን አልገዙትም። የተቀበለው ሰው ከራሱ ክፍል ተገኘ፤ ሄንሪ ክሎስ የሚባል ተማሪው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ኬምብሪጅ ከተማ የስፒከር ሳጥን የሚሠራበት ቦታ ነበረው። ሁለቱ በ1954 አኩስቲክ ሪሰርች የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ፤ ኤአር-1 የተባለውን ስፒከርም በዚያው ዓመት ኒው ዮርክ ላይ ለሕዝብ አሰሙ። ቁመቱ 64፣ ወርዱ 36፣ ጥልቀቱ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። የፈጠራ መብቱ የተሰጠው ታኅሣሥ 25 ቀን 1956፣ በፈረንጆች ገና ዕለት ነው። ክሎስ ግን አልቆየም፤ በ1957 ወጥቶ ኬኤልኤች የተባለውን ድርጅት ከሌሎች ጋር መሠረተና እሱም በድምፅ ዓለም ስሙን ተከለ።

ከዚያ ስቴሪዮ መጣ። በ1958 የስቴሪዮ ሸክላ ገበያውን ሲቀላቀል ሰው ሁሉ አንድ ሳይሆን ሁለት ስፒከር አስፈለገው። ሁለት ቁም ሣጥን የሚችል ሳሎን ስንት ነው? ትንሹ ሳጥን ደርሶ የጠበቀው ይህን ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኤአር-3 ቀጭኑን ድምፅ በሾጣጣ ወረቀት ፋንታ እንደ ጉልላት ክብ በሆነች ትንሽ ክፍል አወጣው፤ ጉልላቷ ድምፁን ወደ ጎንም ስለምትበትነው ፊት ለፊት ያልተቀመጠ ሰውም ደህና ይሰማል። ዛሬ ቤታችሁ ያለውን ስፒከር ሽፋኑን ብታነሱት ይህችን ጉልላት የማግኘታችሁ ዕድል ሰፊ ነው። ኤአር-3 አሁን የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ቅርስ ሆኗል።

አሮጌ ኤአር ካጋጠማችሁ ትልቁን ወረቀት በጣቶቻችሁ ቀስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ግፉትና ልቀቁት። ሳጥኑ በደንብ የተዘጋ ከሆነ ወረቀቱ እንደ ጎማ መንፊያው ቶሎ አይፈናጠርም፤ ስትገፉት ሾልኮ የወጣው ጥቂት አየር ተመልሶ እስኪገባ እያዘገመ፣ እንደ መተንፈስ እያለ ነው ወደ ቦታው የሚመለሰው። ፈጥኖ ከተመለሰ የሆነ ቦታ አየር እንደ ልብ ያስገባል ማለት ነው።

ቪልቸር ሰው በጆሮው እንዲፈርድ ይፈልግ ነበር። ኒው ዮርክ ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያና ኬምብሪጅ ሃርቫርድ አደባባይ ላይ የሙዚቃ ክፍሎች ከፈተ፤ ገብቶ መስማት ይቻላል፣ ሽያጭ ግን የለም። ከዚህም የደፈረ ነገር አደረገ። ፋይን አርትስ ኳርቴት የተባሉትን አራት የቫዮሊን፣ የቪዮላና የቼሎ ተጫዋቾች መድረክ ላይ አስቀምጦ እነሱ እየተጫወቱ መሀል ላይ በስፒከር ይተካቸዋል፤ ተጫዋቾቹ ቀስታቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ድምፁ ግን የሚመጣው ከቅጂው ነው። ተመልካቹ መቼ እንደተለወጠ ለመለየት ይቸገር ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ሙከራ ቅጂው የሌላ አዳራሽ ማስተጋባት ይዞ እንዳይመጣ ማስተጋባት በሌለበት ቦታ መቀዳቱ ግድ ነው፤ አለዚያ የሁለት ክፍል ማስተጋባት ይደራረባል። እንዲህ ያለ ትዕይንት በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ከ75 ጊዜ በላይ ቀርቧል። በ1966 አኩስቲክ ሪሰርች ብቻውን የአሜሪካን የስፒከር ገበያ 32 በመቶ ያህል ይዞ ነበር።

ዛሬ ብዙዎቹ ትንንሽ ስፒከሮች ሳጥናቸው ላይ የአየር ቀዳዳ አላቸው፤ ሙሉ በሙሉ የተዘጋው ሳጥን ብቸኛው መንገድ አይደለም። ቢሆንም ልል ጠርዝ ያለው፣ ረጅም ርቀት የሚመላለስ፣ ከሳጥኑ ጋር አብሮ የሚሰላ ወረቀት ሲታይ ዘሩ ከዚያ የፍራሽ ጨርቅ ይመዘዛል።

በ1967 ቪልቸር ድርጅቱን ሸጠና ዉድስቶክ በሚገኘው ቤቱ ተቀምጦ መስማት ለሚቸገሩ ሰዎች መሥራት ጀመረ። የገባው ነገር ይህ ነው፤ ጆሮው የደከመ ሰው ዝቅ ያለውን ድምፅ አይሰማም፣ ከፍ ያለው ግን እንደ ማንኛውም ሰው ያስደነግጠዋል፤ ሁሉን እኩል የሚያጎላ መሣሪያ እንግዲህ ያሠቃየዋል። ስለዚህ ዝቅ ያለውን አብዝቶ፣ ከፍ ያለውን በጥቂቱ የሚያጎላ፣ ይህንንም ለወፍራሙና ለቀጭኑ ድምፅ ለየብቻ የሚያደርግ መሣሪያ ሠራ። ጥናቱን በ1973 አሳተመ። የፈጠራ መብት አላስመዘገበም፤ የፈለገ ሁሉ ወስዶ እንዲሠራበት ተወው። አምራቾች ለመከተል ዓመታት ፈጀባቸው፤ ዛሬ ግን የመስማት አጋዥ መሣሪያዎች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ቪልቸር ጥቅምት 2011 ላይ በ94 ዓመቱ እዚያው ዉድስቶክ ቤቱ ውስጥ አረፈ።