የተተከለ ሳንባ የአየር ቧንቧ

ሳንባ ሲተከል ሐኪሙ ሦስት ቦታ ይሰፋል፦ የአየር ቧንቧውን፣ ደም ቅዳውንና ደም መልሶቹን። የአየር ቧንቧውን ግድግዳ የሚመግቡት ቀጫጭን የደም ሥሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀጠሉ ይቀራሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በተጀመረው የኩላሊት ንቅለ ተከላ፣ ደም ቅዳው ተሰፍቶ ሲለቀቅ ኩላሊቱ ወዲያው ደሙን ያገኛል። አዲሱ የአየር ቧንቧ ግን የራሱ ሥሮች እስኪያቆጠቁጡ ድረስ ለሳምንታት የሚኖረው ከሳንባው ደም ቅዳ በሚሾልክለት፣ ኦክስጅኑ ባነሰ ደም ነው።

ጄምስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1963 በሚሲሲፒ የመጀመሪያውን ሳንባ ከተከለ በኋላ ለሃያ ዓመት ያህል ብዙ ሙከራ የከሸፈው በአየር ቧንቧው ስፌት መላቀቅ ነበር። ቁስል እንዳይድን የሚያደርገው ከፍተኛ የስቴሮይድ መጠን ችግሩን አባብሶታል። የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክመው መድኃኒት ሳይክሎስፖሪን ከመጣ በኋላ ጆኤል ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1983 በቶሮንቶ ተሳካለት። ዛሬ የለጋሹ ቧንቧ በጣም አጥሮ ይቆረጣል፤ ጫፉ ከደም ምንጩ በራቀ መጠን የመሞት ዕድሉ ይጨምራልና።

ጉዳቱ እንደ ጊዜው መልኩን ይለውጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚያሰጋው የስፌቱ መላቀቅ ነው፤ አየር ወደ ደረት ያፈሳል፣ ኢንፌክሽን ይከተላል፣ ሊገድልም ይችላል። ከወራት በኋላ በብዛት የሚታየው መጥበብ ነው፤ ጠባሳ ወይም ትርፍ ሥጋ መንገዱን ይዘጋዋል። አንዳንዴም ግድግዳው ልፍስፍስ ብሎ ሲተነፍሱ ይከደናል።

ደም ያነሰውን ስፌት አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ በቀላሉ ይይዘዋል። በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ ማሽላ ሲወቃ የሚቦነው ብናኝ፣ የሻገተ እህልና እርጥበት የነካው ገለባ የዚህ ሻጋታ መናኸሪያ ናቸው። የጤነኛ ሰው ሰውነት ዘሩን ያስወግደዋል። መከላከያው በመድኃኒት የተዳከመበት ሰው ግን ይህ አቅም የለውም፤ ውጭ አገር ሳንባ ተተክሎለት ዘመድ ለመጠየቅ ይፋት የሚወርድ ሰው ከአውድማና ከጎተራ መራቅ ይኖርበታል።

አዲስ ሳል፣ ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ዳገት ላይ ቶሎ መድከም የአየር ቧንቧው ጉዳት ምልክቶች ናቸው፤ ሆኖም ምንም ሳይሰማው ቧንቧው የጠበበበት ሰው አለ። ስለዚህ የትንፋሽ አቅም በየጊዜው ይለካል፣ ስፌቱም ወደ አየር ቧንቧ በሚገባ ካሜራ (ብሮንኮስኮፕ) ይታያል። የጠበበው ቧንቧ በቅድሚያ በፊኛ ይሰፋል፣ ትርፉ ሥጋ በሌዘር ወይም በማቀዝቀዝ ይነሳል። ቧንቧው ደጋግሞ ከጠበበ ክፍት አድርጎ የሚይዘው ስቴንት ይገባለታል፤ ስቴንቱም በአክታ ሊዘጋ፣ ከቦታው ሊንሸራተት ወይም በጫፉ አዲስ ሥጋ ሊያበቅል ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም።