ሶፍትዌሩ ታደሰ፤ ደንቡስ?

«ሰርቨሩ ታድሷል» ተብሎ ለባለሙያ ገንዘብ የከፈለ ድርጅት ሥራውን አሁንም በአሮጌው ደንብ እያካሄደ ሊሆን ይችላል። ይህ የማጭበርበር ጉዳይ አይደለም። ሶፍትዌሩ ሲታሸግ የሚነሳ የባለቤትነት ጥያቄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 እንደተጀመረው ዴቢያን ያሉ በነፃ የሚሰራጩ ሥርዓቶች ሶፍትዌርን የሚያቀርቡት በጥቅል ነው። ከጥቅሎቹ መካከል ብዙ ፕሮግራሞች በጋራ የሚገለገሉባቸው ላይብረሪዎች አሉ። ለምሳሌ ኦፕንኤስኤስኤል በኢንተርኔት የሚተላለፈውን የክፍያ መረጃ በምስጢር ይቆልፋል። እንዴት እንደሚቆልፍ የሚነግረው ደግሞ የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ነው።

ይህ ፋይል የማን ነው? ሲመጣ የአሻጊው ነው፤ ባለንብረቱ አንድ መስመር ከለወጠበት በኋላ ግን የባለንብረቱ ይሆናል። ስለዚህ ዴቢያን የተለወጠውን ፋይል ዝም ብሎ አይደመስስም፤ አዲሱ ጥቅልም የተሻሻለ ፋይል ይዞ ከመጣ ቆም ብሎ ይጠይቃል። ባለሙያው ሳያነብ «ኢንተር» ከተጫነ የነበረው ይጸናል። የሬድ ሃት ወገን በሆነው አርፒኤም ግን ጥያቄ የለም፤ አሻጊው «አይተካ» የሚል ምልክት ካደረገበት አዲሱ ፋይል «አርፒኤምኒው» የሚል ቅጥያ ይዞ ከጎን ይቀመጣል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት መጠየቁ ይሻላል፤ መልስ የሚሰጠው ሰው ካነበበ ማለት ነው።

በላይብረሪ ላይ ሌላም ችግር አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ዴቢያን 9 ሁለት የኦፕንኤስኤስኤል ትውልዶች ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ሁለቱም ጥቅሎች አንድ ስም ያለው ፋይል ቢይዙ ኖሮ ሁለተኛው አልጫንም ይል ነበር። በአንድ መጋዘን ሁለት ተከራይ ሲኖር የበሩ ቁልፍ ከአንዱ ኪስ አይቀመጥም፤ ለዘበኛው ይሰጣል። የዴቢያን ደንብም እንዲሁ ነው፦ ከላይብረሪው ትውልድ ጋር ስሙ የማይለወጥ ፋይል በላይብረሪው ጥቅል ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው ይታሸጋል።

ጉዳዩ ገንዘብ የሚነካው እዚህ ላይ ነው። የክፍያ ካርድ ኢንዱስትሪው የደኅንነት መመዘኛ፣ ከተወሰኑ የመሸጫ መሣሪያዎች በስተቀር፣ የቆዩት የምስጢር ስልቶች እስከ ሰኔ 30 ቀን 2018 (እ.ኤ.አ.) እንዲቀሩ አዝዞ ነበር። በሐምሌ 2019 የወጣው ዴቢያን 10 ደግሞ ዝቅተኛውን ወለል ወደ ቲኤልኤስ 1.2 ከፍ አደረገው። ይህ ወለል የተጻፈው ግን በኮንፊገሬሽን ፋይሉ ውስጥ ነበር! ቀድሞ ፋይሉን ነካክቶ በእድሳቱ ወቅት «የነበረው ይቆይ» ያለ ሰው አዲስ ሶፍትዌር ይዞ ያንን ወለል ሳያገኝ ቀረ። አዲሱን የተቀበለውም ሁሉ አልተመቸውም፤ ያረጀ ሥርዓት ካለው ደንበኛ ጋር ግንኙነቱ ሊቋረጥበት ይችል ነበር።

እንግዲህ ሂሳብ ከመክፈል በፊት ባለሙያውን በየትኞቹ ፋይሎች ላይ «ይቆይ» እንዳለ መጠየቅ ይገባል። በዴቢያን ያልተወሰደው አዲስ ፋይል «ዲፒኬጂ-ዲስት»፣ የተተካው አሮጌ ደግሞ «ዲፒኬጂ-ኦልድ» የሚል ቅጥያ ይዞ እዚያው ይገኛል። ሁለቱን አወዳድሮ ልዩነቱን በጽሑፍ ማቅረብ ለባለሙያው ከባድ ሥራ አይደለም።