መጫወቻም አስተማሪ ነው



«ጨዋታውን ተውና ደብተርህን ያዝ» የሚለው ተግሣጽ በየቤቱ ይሰማል። ልጁ ሳይማር እንዳይቀርበት የሚሰጋ ወላጅ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በተለይ በመጠለያ ካምፕ፣ የመማሪያ ክፍሉ በተጣበበበት፣ አንዱን መጽሐፍ ብዙ ልጆች በሚካፈሉበት፣ የነገውም ነገር በውል በማይታወቅበት ኑሮ፣ ትምህርት ብቸኛው ተስፋ ሆኖ ቢታይ አያስገርምም። ይሁን እንጂ ጨዋታ የትምህርት ባላንጣ አይደለም። ትንሽ ልጅ መቁጠርን፣ ማነጻጸርን፣ ተራ መጠበቅንና ቋንቋን ከሁሉ በፊት የሚለማመደው በጨዋታ ነው።

ይህን ጠንቅቀው ከሚያውቁት መካከል የመጫወቻ ነጋዴዎች ይገኙበታል። በየዓመቱ ከዓለም ዙሪያ ተሰባስበው መጫወቻ የሚመርጡበት ትልቅ የንግድ ትርዒት አላቸው። በዚህ ጽሑፍ ትርዒቱ ምን እንደሆነ፣ ጥሩውን መጫወቻ ከተራው የሚለየው ምን እንደሆነ፣ በዚያው መለኪያም በእጃችን ያለውን ስንመዝን ምን እንደምናገኝ እንገልጻለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅ የማይገባበት የመጫወቻ ገበያ

ኑረምበርግ በደቡብ ጀርመን የምትገኝ ጥንታዊ ከተማ ስትሆን፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ በአሻንጉሊት ሠሪዎቿ ትታወቃለች። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1945 መጀመሪያ፣ ከአየር በደረሰባት ድብደባ አሮጌው የከተማዋ ክፍል ፈራረሰ። ከጦርነቱ በፊት የጀርመን መጫወቻ ሠሪዎች ዕቃቸውን የሚያሳዩት በላይፕሲግ ከተማ ነበር። አገሪቱ ለሁለት ስትከፈል ላይፕሲግ በምሥራቁ ወገን ስለቀረች፣ የምዕራቡ ሠሪዎች ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ስለሆነም በ1950 በኑረምበርግ የመጀመሪያው የመጫወቻ ትርዒት ተከፈተ። በዚያ ዓመት 351 ድርጅቶች ዕቃቸውን አቀረቡ። በ2024 የአቅራቢዎቹ ቁጥር ከ2,000 በላይ ነበር።

የንግድ ትርዒት እንደ ተራ ገበያ አይደለም። ለሕዝብ ክፍት ስላልሆነ አባት ልጁን ይዞ ሄዶ አሻንጉሊት አይገዛበትም። የሚገቡት ሠሪዎች፣ አስመጪዎች፣ ባለሱቆችና ጅምላ ገዢዎች ናቸው። እህል በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ ከጆንያው ዘግኖ፣ አሽትቶና ቆርጥሞ እንደሚመርጥ ሁሉ፣ የመጫወቻ ገዢም ከአዳራሽ ወደ አዳራሽ እየዞረ ናሙናውን በእጁ ይዞ ይሞክራል። ዋጋውንና ጥንካሬውን ይጠይቃል፤ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚስማማ ያጣራል። በኋላ በሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚታየው ዕቃ አብዛኛው ከወራት በፊት በእንዲህ ያለ ቦታ የተመረጠ ነው።

ከትርዒት የተገኙ ሁለት ነገሮች

በ1974 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት የሥነ ሕንፃ መምህር የነበሩት ኤርኖ ሩቢክ፣ ጎኖቹ በስድስት ቀለማት የተለዩና ክፍሎቹ ወደ ልዩ ልዩ አቅጣጫ የሚዞሩ ኩብ ሠሩ። ቀለማቱን አደባልቀው እንደገና ወደ ቦታቸው ለመመለስ ሲሞክሩ ለራሳቸውም አንድ ወር ገደማ እንደፈጀባቸው ይነገራል። ኩቡ በአገራቸው መሸጥ ቢጀምርም በውጭው ዓለም አይታወቅም ነበር። በ1979 በኑረምበርግ ትርዒት ላይ ቶም ክሬመር የተባሉ በእንግሊዝ አገር የሚሠሩ የመጫወቻ ባለሙያ አዩት። እኚህ ሰው በልጅነታቸው በናዚዎች ተይዘው በርገን ቤልሰን በተባለው የእስረኞች ካምፕ ከታሰሩ በኋላ የተረፉ ነበሩ። ክሬመር ኩቡን አስተዋውቀው ከአንድ የአሜሪካ ድርጅት ጋር ስላገናኙት፣ በ1980 ለዓለም ገበያ ቀረበ። ዛሬ «የሩቢክ ኩብ» በሚል ስም የሚታወቀው ይኸው ነው። ይህ ኩብ ባትሪ የለውም፤ አይናገርም፤ አይበራም። ሥራው ሁሉ የተተወው ለልጁ አእምሮ ነው።

ሁለተኛው የዴንማርኩ ሌጎ ነው። ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን በቢሉንድ መንደር የሚኖሩ አናጢ ነበሩ። በኢኮኖሚ ድቀት ምክንያት የግንባታ ሥራ ሲቀዘቅዝ በ1932 የእንጨት መጫወቻ መሥራት ጀመሩ። በ1954 ልጃቸው ጎትፍሬድ በእንግሊዝ አገር የመጫወቻ ትርዒት ተመልክተው በመርከብ ሲመለሱ፣ የአንድ ትልቅ ሱቅ የመጫወቻ ክፍል ኃላፊ አብረዋቸው ይጓዙ ነበር። ሰውዬው «በመጫወቻ ዕቃዎች ውስጥ ሥርዓት የሚባል ነገር የለም» በማለት አማረሩ። መጫወቻው ሁሉ ለየብቻው የቆመ፣ አንዱ ከሌላው የማይገጥም ነው ማለታቸው ነበር። ጎትፍሬድ ይህን አስበውበት፣ ዛሬ የተገዛው ጡብ ነገ ከሚገዛው ጋር የሚገጥምበትን ዘዴ በ1955 አወጡ። አሁን የሚታወቀው የጡቡ አያያዝ በ1958 የፈጠራ መብት ተመዘገበለት። ስምንት ጉብታ ያላቸው ስድስት ባለ አንድ ቀለም ጡቦች ብቻ 915,103,765 በሚሆኑ ልዩ ልዩ መንገዶች ሊገጣጠሙ እንደሚችሉ የሒሳብ ሊቃውንት አስልተዋል።

መለኪያው ምንድን ነው?

ከእነዚህ ታሪኮች የምንረዳው ዋና ነገር አንድ ነው። ጥሩ መጫወቻ ልጁን ያሠራል እንጂ ለልጁ አይሠራለትም። ቁልፍ ሲጫኑት የሚዘፍን አሻንጉሊት ለጊዜው ያስደንቃል፤ ባትሪው ሲያልቅ ግን ይጣላል። ስለዚህ አንድን መጫወቻ ስንመለከት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ማንሳት ይጠቅማል፦

1ኛ/ የሚያስበውና የሚንቀሳቀሰው ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ ዕቃው?

2ኛ/ በስንት ዓይነት መንገድ ሊጫወቱበት ይቻላል? አንድ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይሰለቻል።

3ኛ/ ለልጁ ዕድሜ ይስማማል? እጅግ ከቀለለ አያስተምርም፤ እጅግ ከከበደ ልጁን ተስፋ ያስቆርጣል።

4ኛ/ ከሌላ ልጅ ወይም ከአዋቂ ጋር ያገናኛል? ተራ መጠበቅ፣ መሸነፍን መቀበል፣ በቃል መግባባት የሚለመዱት በኅብረት ጨዋታ ነው።

5ኛ/ ልጁን የሚጎዳ ነገር አለበት?

ልብ በሉ፤ ከአምስቱ ጥያቄዎች መካከል ዕቃው ስንት ብር ያወጣል የሚል የለም።

ገበጣ በዚህ ሚዛን ሲመዘን

በ1940 ዊልያም ጁሊየስ ቻምፒዮን የተባሉ አሜሪካዊ የአፍሪካንና የእስያን የጉድጓድና የጠጠር ጨዋታዎች መሠረት በማድረግ «ካላህ» የተባለ ጨዋታ አወጡ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተቀርፆ በሱቅ የሚሸጥ፣ ልጆች ቁጥርን የሚለማመዱበት ዕቃ ሆነ። ሰሌዳውን ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ «ይህማ ገበጣ ነው!» ማለቱ አይቀርም። የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ባሳተሙት ጥናት፣ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ የሚገኙትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች ዘርዝረዋል። አንዱ አገር በሁለት ረድፍ፣ ሌላው በሦስት ረድፍ ይጫወተዋል፤ ደንቡም እንደየአካባቢው ይለያያል። ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያን፣ ሶማሌዎችና ደቡብ ሱዳናውያን በሚጎራበቱበት ካምፕ ልጆች የየቤታቸውን ደንብ ቢያነጻጽሩ ራሱ አንድ ትምህርት ነው።

ገበጣ ምን ያስተምራል? ሁለት ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ ስድስት ጉድጓድ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ አራት ጠጠር እንውሰድ። የአምስት ዓመት ልጅ ጠጠሮቹን አንስቶ በየጉድጓዱ አንድ አንድ ሲያድል፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» የሚለው ቃል ከዕቃው ጋር ይገናኝለታል። የሰባት ዓመቱን ልጅ «በጠቅላላው ስንት ጠጠር አለ?» ብለን እንጠይቀው። 12 ጊዜ 4፣ 48 ይሆናል። ከፍ ያለውን ደግሞ ጠጠሩን ከማንሳቱ በፊት «የመጨረሻዋ ጠጠር የት ትወድቃለች?» እንበለው። ከሦስተኛው ጉድጓድ አራት ያነሳ ልጅ ሰባተኛው ላይ እንደሚጨርስ በአእምሮው አስቀድሞ መድረስ አለበት። ጨዋታው ሲያልቅ አንዱ 29 ቢይዝ ሌላው ስንት ያዘ? መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና አርቆ ማሰብ ሁሉም በአንድ መሬት ላይ ተቆፍረው ይገኛሉ።

ችግሩ ግን ይህ ነው። በካምፕ ተወልደው ያደጉ ብዙ ልጆች ገበጣን በስም ብቻ ያውቁ ይሆናል፤ ጨርሶ ያልሰሙም አይጠፉም። ጨዋታው በመጽሐፍ ሳይሆን በእጅ የሚተላለፍ ነው። የሚያውቁት አባቶችና እናቶች ካላሳዩ፣ ከአንድ ትውልድ በኋላ ልጆቻችን ገበጣን የሚያገኙት ከውጭ አገር በሳጥን ተጭኖ ሲመጣ ይሆናል።

ሌሎችም አሉ። ቅልልቦሽ ዓይንና እጅን ያቀናጃል። ሰኞ ማክሰኞ ሚዛን መጠበቅን ያስለምዳል። ዳማ በካርቶን ላይ በቆርኪ ይጫወቱታል። እንቆቅልሽ ቋንቋን ያሰላል፤ ዋጋውም ምንም ነው። የሽቦ መኪና የሚሠራ ልጅ መለካትን፣ ማጠፍንና መንኮራኩር እንዴት እንደሚዞር ያውቃል።

በቀላሉ የሚሠራ አንድ መጫወቻ ደግሞ እንጨምር። በ1760ዎቹ ጆን ስፒልስበሪ የተባለ የለንደን ካርታ ሠሪ፣ ካርታ በእንጨት ላይ ለጥፎ በአገሮቹ ድንበር ቆራረጠው። ልጆች ቁርጥራጩን መልሰው ሲገጣጥሙ ጂኦግራፊ ተማሩ። በመላው ዓለም የሚታወቀው የሥዕል መገጣጠሚያ ጨዋታ የጀመረው እንዲህ ነው። እኛም በዘይት ካርቶን ላይ የአፍሪካን ካርታ ስለን፣ የአገሮቹን ስም ጽፈን በመቀስ ብንቆርጠው ያንኑ እናገኛለን። ለትንንሾቹ ስድስት ወይም ስምንት ቁራጭ ይበቃል።

በሳጥን ስለሚመጣው ዕርዳታ

ይህ ሲባል ከውጭ የሚመጣ መጫወቻ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ዩኒሴፍ በአደጋ ጊዜ ለሕፃናት የሚልከው ሳጥን እስከ 50 ለሚደርሱ ልጆች የታሰበ ሲሆን፣ ብሎኬት፣ የሥዕል መገጣጠሚያ፣ ዶሚኖና የእጅ አሻንጉሊት የመሳሰሉት ይገኙበታል። ነገር ግን «ይሰበራል፣ ይጠፋል» በሚል ሥጋት ቁልፍ ተቆልፎበት የሚቀመጥ መጫወቻ ማንንም አያስተምርም። ተቆጥሮ የሚወጣበትና ተቆጥሮ የሚገባበት ሰዓት ቢወሰን ሁለቱም ይጠበቃሉ። ቆጠራውንም ለልጆቹ መስጠት ይቻላል።

ከ2017 ወዲህ ከሚያንማር ወደ ባንግላዴሽ የተሰደዱት የሮሂንጊያ ሰዎች ምሳሌ ይሆነናል። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት በካምፖቻቸው የሕፃናት መጫወቻ ማዕከላት ሲከፍት፣ ስደተኞቹ ራሳቸው በአካባቢው ከሚገኝ ዕቃ መጫወቻ ሠሩ፤ የየመንደራቸውን ግጥምና ጨዋታም አስተማሩ። ልጆቹ ከመጫወቻው ጋር የመጡበትን ባህል አብረው አገኙ።

ጥንቃቄ

ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ያገኙትን ሁሉ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። በአሜሪካ የደኅንነት ደንብ መሠረት፣ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የመለኪያ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ዕቃ ለእነርሱ አይሰጥም። ጠጠር፣ ቆርኪና ብይ ሁሉ ከዚህ ያንሳሉ፤ ስለዚህ ታላላቆቹ ሲጫወቱ ታናናሾቹን ማራቅ ያስፈልጋል። ባቄላና አተርም ወደ አፍንጫና ጆሮ ስለሚገቡ ለትንንሾች አይሆኑም።

ክብ ትንንሽ ባትሪዎች ከተዋጡ በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላሉ። ልጅ ባትሪ ከዋጠ ወይም ዋጠ ብለው ከጠረጠሩ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። የሽቦ ጫፍ ወደ ውስጥ ይታጠፍ። የመርፌ ስሪንጅ፣ የመድኃኒትና የፀረ ተባይ ዕቃ ቢታጠብም መጫወቻ አይሁን። ፌስታል በልጆች ራስ ላይ አይጠለቅ።

ምን እናድርግ?

በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31፣ በ1990 የወጣው የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተር ደግሞ በአንቀጽ 12፣ ጨዋታን የልጅ መብት አድርገውታል። መብቱ ለወንዱም ለሴቷም እኩል ነው። ነገር ግን ውኃ የምትቀዳውና ታናሽ የምታዝለው አብዛኛውን ጊዜ ሴቷ ልጅ በመሆኗ፣ የመጫወቻ ሰዓቷን የሚወስድባት ሥራ ነው። ሥራው በወንድምና በእህት መካከል ቢከፈል ለሁለቱም ጊዜ ይተርፋል።

ወላጆች በቀን ግማሽ ሰዓት ከልጆቻቸው ጋር ቢቀመጡ፣ መምህራን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ገበጣን ቢጠቀሙ፣ የዕድሜ ባለጸጎች ደግሞ ከሰዓት በኋላ በጥላ ሥር ጉድጓድ ቆፍረው ልጆቹን ቢጠሩ፣ ለመጀመር ሌላ ወጪ አያስፈልግም። 12 ጉድጓድና 48 ጠጠር በየደጃፉ ይገኛል።