ከስቴንት በኋላ ያለው ዓመት

በጀውሃ ደረቱን የጨመደደው ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ጨጓራውን ነው። ወተት ይጠጣል፣ አብሽ ይበጠበጥለታል፣ ጋደም ብሎ እስኪያልፍለት ይጠብቃል። ላብ ላብ ካለው፣ ሕመሙም ወደ ግራ ክንዱና ወደ መንጋጋው ከሄደ ግን ጥርጣሬው ወደ ልብ መዞር አለበት። ደም የተቋረጠበት የልብ ጡንቻ በየደቂቃው እየሞተ ነውና።

የሕክምና መመሪያዎች እንዲህ ይላሉ፦ የተዘጋውን የልብ ደም ቧንቧ በ120 ደቂቃ ውስጥ በባሉን፣ ማለትም በቧንቧው ውስጥ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ፣ ማስከፈት ከተቻለ ይህ ይቅደም፤ ካልተቻለ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መርፌ እዚያው ባሉበት ይሰጥ። ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ220 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃታል። ያውም ከቆላው ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማበርን ወጥቶ ነው። አምቡላንስ ቢበርም 120 ደቂቃ አይበቃውም። ስለዚህ ለጀውሃ ሰው ቀዳሚው ጉዳይ በቅርብ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚያሳይ ምርመራ) የሚያነሣ ባለሙያና መርፌው መኖሩ ነው። መርፌው እስከ 12 ሰዓት ድረስ ይሠራል፤ የበለጠ የሚጠቅመው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ነው። ዋጋም አለው፤ ከ100 ሰዎች በአንዱ ገደማ አንጎል ውስጥ ደም ያፈሳል።

ይህ ሁሉ አልፎ ሰውየው አዲስ አበባ ደረሰ፣ ስቴንት ገባለት እንበል። ስቴንት የእስክርቢቶ ስፕሪንግ የመሰለች ቀጭን የብረት መረብ ናት፤ የጠበበውን ቧንቧ ከውስጥ ደግፋ ትይዛለች። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የሚገቡት በእጅ አንጓ በኩል ነው። በብሽሽት ከመግባት ይልቅ ደም መፍሰሱ ያንሳል፣ ታካሚውም ቶሎ ይነሣል። አስቀድሞ በተያዘ ቀጠሮ በሚሠራ ሕክምና በሂደቱ ምክንያት የሚሞተው ከ100 አንድ አይሞላም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ለምስሉ የሚወጋው ቀለም ሊጎዳው ስለሚችል ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ የክሬቲኒን ምርመራ ያስፈልገዋል።

ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 16 ቀን 1977 አንድሪያስ ግሩንትሲግ የተባለ ሐኪም በዙሪክ የአንድ የ38 ዓመት ሰው ቧንቧ በባሉን ከፈተ። ሰውየው ለብዙ ዓመታት ኖረ። በብዙዎች ላይ ግን፣ ከሦስቱ በአንዱ ገደማ፣ ቧንቧው በወራት ውስጥ መልሶ ይጠብ ነበር። በ1986 ስቴንት መጣና ነገሩን አሻሻለው፤ ሆኖም በመረቡ ውስጥ ጠባሳ እያደገ መንገዱን ይዘጋ ጀመር። መፍትሔው የመጣው ከሩቅ ነው፦ በ1964 ከፋሲካ ደሴት ከተወሰደ አፈር ውስጥ ካለ ባክቴሪያ የተገኘው ሲሮሊመስ የተባለ መድኃኒት በስቴንቱ ላይ ተቀባ። የጠባሳው እድገት ተገታ።

ነገር ግን ጠባሳውን የሚገታው መድኃኒት ብረቱ የቧንቧውን ስስ ሽፋን መልበሱንም ያዘገየዋል። ያልተሸፈነ ብረት ደም ያረጋል። ስቴንቱ ድንገት በረጋ ደም ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ከባድ የልብ ሕመም ያመጣል፤ ከሚደርስባቸው ሰዎችም ጥቂት የማይባሉት ይሞታሉ። በመጀመሪያው ዓመት የሚያጋጥመው ከ100 ሰዎች አንዱን ያህል ነው። ትልቁ ምክንያቱ ደግሞ በሐኪሙ እጅ ላይ የለም፦ ደም እንዳይረጋ የሚከላከሉትን አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልን ጊዜው ሳይደርስ ማቆም ነው። ድንገተኛ የልብ ሕመም ለደረሰበት ሰው ሁለቱ አብረው የሚወሰዱት ብዙውን ጊዜ ለ12 ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ አስፕሪኑ ይቀጥላል።

ሰው ለምን ያቆማል? አንዳንዱ ስለተሻለው። አንዳንዱ ገንዘብ ስላጠረው፤ ክኒኑ ሲያልቅ የሰንበቴ ገበያ ደርሶ የሚሸጠውን እስኪሸጥ ይጠብቃል፣ ሳምንት ያልፋል። አንዳንዱ ጥርሱን ሊያስነቅል ሄዶ «ደም ማቅጠኛውን አቁመህ ና» ይባላል። ይህን ቃል ያለ ልብ ሐኪሙ ፈቃድ መቀበል የለበትም፤ ለአንድ ጥርስ መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ አይቆምም። ጾምም ሰበብ አይሆንም። ሁለቱም በቀን አንድ ጊዜ የሚዋጡ ስለሆኑ በሱሁር ወይም በኢፍጣር፣ ለክርስቲያኑም ጾም በሚፈታበት ሰዓት ሊወሰዱ ይችላሉ።

ጨጓራ እዚህም ይገባል። አስፕሪን ያቃጥላል፣ ታካሚውም ከመድኃኒት ቤት ኦሜፕራዞል ገዝቶ ይውጣል። ኦሜፕራዞል ደግሞ ጉበት ክሎፒዶግሬልን ወደሚሠራበት መልክ እንዳይለውጠው ያደናቅፋል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሁለቱ አብረው እንዳይወሰዱ ይመክራል። ጨጓራው መከላከያ ካስፈለገው እንደ ፓንቶፕራዞል ያለ አማራጭ አለ።

ስለ ጫት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በውስጡ ያለው ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብ ቧንቧንም ያኮማትራል። የመንን ጨምሮ በስድስት የአረብ አገሮች በ7,399 የልብ ታካሚዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ቃሚዎቹ ካልቃሚዎቹ ይልቅ ለሞትና ለስትሮክ የተጋለጡ ነበሩ። ስቴንቱን አስገብቶ ምርቃናውን መቀጠል ገንዘቡን መበተን ነው፤ ለስለስ አድርጌ ልናገረው አልፈልግም።

አንድ ጥያቄ ግን ስቴንቱ ከመግባቱ በፊት መነሣት ነበረበት። ሕመሙ ድንገት ያልመጣበት፣ ዳገት ሲወጣ ብቻ ደረቱን የሚይዘውና ሲቆም የሚለቀው ሰው በሬውን ሸጦ አዲስ አበባ መሄድ አለበት? በ5,179 ሰዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ኢስኬሚያ የተባለ ጥናት፣ ስቴንት ወይም የባይፓስ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ሰዎች በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ይልቅ ዕድሜያቸው እንዳልረዘመ አሳይቷል። ሕመሙ ግን ቀልሎላቸዋል፣ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። ዋናው የግራ ቧንቧ የጠበበባቸውና ልባቸው በጣም የደከመ ሰዎች በጥናቱ ስላልተካተቱ ውጤቱ እነርሱን አይመለከትም። በመድኃኒት ሊታገሥ የሚችለው ሰው ግን የበሬውን ዋጋ ሳይነካ፣ ግፊቱንና ስኳሩን እየተቆጣጠረ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲንና አስፕሪኑን እየወሰደ መቆየት ይችላል፤ ሕመሙ ሲብስበት ስቴንቱ ያኔም አይቀርበትም።