የዕረፍት ሳምንት ስለ መግዛት፤ ከማን፣ በስንትና በምን ውል

አንድን ቤት ለሃምሳ ሰዎች መሸጥ ይቻላልን? በአገራችን ይህን ያደረገ ሰው ፍርድ ቤት መቆሙ አይቀርም። በአሜሪካና በአውሮፓ የመዝናኛ ስፍራዎች ግን ይኸው ሥራ ሕግ የወጣለትና ትላልቅ ኩባንያዎች የተሰማሩበት የታወቀ ንግድ ነው። ስሙም ታይምሼር ይባላል፤ የጊዜ ድርሻ ማለት ነው። ቤቱ አንድ ሲሆን ዓመቱ በ52 ሳምንት ይከፈላል፤ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ለዕድሳት ይተውና የቀሩት ሳምንቶች ለየገዢው ይሸጣሉ። ገዢውም በየዓመቱ በሳምንቱ እየመጣ ከነቤተሰቡ ያርፍበታል።

ሐሳቡ የመነጨው በአውሮፓ ነው። በ1963 (ዓመታቱ ሌላ ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊስ አገር ሐፒማግ የሚባል ኩባንያ ተቋቁሞ፣ አክሲዮን ለገዙት ሰዎች በልዩ ልዩ አገር ባሉት ቤቶቹ የማረፍ መብት መስጠት ጀመረ። ንግዱ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የተስፋፋው ግን በ1970ዎቹ ነው። በዚያን ጊዜ በፍሎሪዳ የተሠሩ አያሌ የመኖሪያ ክፍሎች ገዢ አጥተው ባዶአቸውን ስለ ቀሩ፣ ባለቤቶቹ ሙሉውን ቤት የሚገዛ ቢጠፋ በሳምንት ከፋፍለው መሸጥ ጀመሩ። ያልተሸጠ ዕቃ በመጋዘን የቀረበት ነጋዴ ይህን ብልሃት ለመረዳት አይቸግረውም። በ1974 አር.ሲ.አይ.፣ በ1976 ደግሞ ኢንተርቫል ኢንተርናሽናል የተባሉት ኩባንያዎች ተቋቁመው፣ የአንዱን ገዢ ሳምንት ከሌላው ጋር የማለዋወጥ ሥራ ያዙ። ከዚያ በኋላ ማሪዮት በ1984፣ ዲዝኒ በ1991፣ ሒልተንም በ1992 ገቡበት። ዛሬ ብዙዎቹ የሚሸጡት የተወሰነ ሳምንትን ሳይሆን ነጥብን ነው፤ ገዢው በየዓመቱ በሚሰጠው ነጥብ የወደደውን ቤትና ጊዜ ይይዝበታል። ነጥቡ አባልነት ይባላል እንጂ ውሉ በመሠረቱ ያው ነው።

ነጋዴ የሆነ አንባቢ አስቀድሞ ሊያስተውለው የሚገባ፣ የዚህ ሸቀጥ ዋጋ ሁለት መሆኑን ነው። የመጀመሪያው በውሉ ቀን የሚከፈለው ነው፤ በአሜሪካ ከኩባንያው ለሚገዛ ሰው አማካዩ ከ20,000 ዶላር በላይ ነው። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚከፈለው የጥገና መዋጮ ሲሆን፣ አማካዩ ከ1,000 ዶላር አልፏል። ስለ ፊተኛው ዋጋ ብዙ ክርክር ይደረጋል፤ ኋለኛው ሲነሣ ግን ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ሊሆን በተገባው ነበር። ፊተኛው ተከፍሎ ያልቃል፤ መዋጮው ግን ገዢው ቢሄድም ባይሄድም፣ ቢታመምም ሆነ ሥራ ቢበዛበት፣ በየዓመቱ የሚመጣ ዕዳ ነው። ዐውሎ ነፋስ ቤቱን ቢጎዳ ከመደበኛው ሌላ ልዩ መዋጮ ይጠየቃል። ለመክፈል እንቢ ያለ ሰው ድርሻው ይወሰድበታል፤ ስሙም በተበዳሪዎች መዝገብ ላይ ይበላሻል።

ሒሳቡን በወረቀት ላይ ማውጣት ያስፈልጋል። አንድ ሰው አንድ ሳምንት በ22,000 ዶላር ገዛ፣ መዋጮውም 1,200 ዶላር ነው እንበል። ዋጋው ለ20 ዓመት ሲከፋፈል በዓመት 1,100 ዶላር ይመጣል፤ መዋጮው ሲታከልበት 2,300 ዶላር፣ ይኸውም ለአንድ ሌሊት 328 ዶላር ያህል ይሆናል። ያው ሳምንት ከሁለተኛ እጅ በ3,000 ዶላር ቢገኝ ግን የአንዱ ሌሊት ሒሳብ ወደ 193 ዶላር ይወርዳል። መዋጮው በየዓመቱ 5 በመቶ ቢጨምር በ14 ዓመት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ በሁለቱም ገዢዎች ላይ እኩል ይወድቃል። ገንዘቡን ኩባንያው ራሱ ያበደረው ሰውማ ችግሩ የባሰ ነው። 20,000 ዶላር በ14 በመቶ ወለድ ለ10 ዓመት የተበደረ ገዢ በየወሩ 310 ዶላር ያህል ይከፍላል፤ ወለዱ ብቻ 17,000 ዶላር ይሆናል። ለሽርሽር በዚህ ወለድ የሚበደር ነጋዴ፣ ሱቁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚያስገባ ጸሐፊ ቢያገኝ አንድ ቀን አያሳድረውም።

እንግዲህ የት ይገዛል? በኦርላንዶ ወይም በላስ ቬጋስ ጎዳና የሚያልፍ እንግዳ፣ የመዝናኛ ትኬት በርካሽ ወይም የሆቴል አዳር በነፃ ይሰጥሃል ተብሎ ወደ ኩባንያው የሽያጭ አዳራሽ ይጋበዛል። የሚጠየቀው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጦ ማዳመጥ ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ግን ብዙ ጊዜ ይረዝማል። ቁርስ ይቀርባል፤ ያማረ ክፍል ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ዋጋ ይነገራል። እንግዳው ሲያመነታ አለቃ የተባለ ሌላ ሰው መጥቶ ዋጋውን ይቀንሳል፤ ይህም ዋጋ ዛሬ ብቻ ነው ይባላል። የጨርቅ ነጋዴ ሁሉ ይህን ዘዴ ከነአካሄዱ ያውቀዋል፤ የሚገርመው እርሱም ሲሸምት የሚረታበት መሆኑ ነው። ትኬቱ፣ ቁርሱና የሻጮቹ ኮሚሲዮን ከየትም አይመጣም፤ ከዋጋው ትልቅ ክፍል የሚሆነው ለዚሁ የሚወጣው ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ነው ያው ሳምንት፣ ያው ክፍል፣ ያው መስኮት ከሁለተኛ እጅ ሲሸጥ ዋጋው የሚያሽቆለቁለው። መዋጮው የሰለቻቸው ባለድርሻዎች በአንድ ዶላር፣ አንዳንዴም በነፃ ለመስጠት ይለምናሉ። ርካሽ መሆኑ ብቻውን ግን ጥሩ ግዥ አያደርገውም፤ ባለቤቱ በነፃ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ መመርመር ይገባል። በበጋ የባሕር ዳር ሳምንትና በክረምት ማንም የማይሄድበት ሳምንት እኩል አይደሉም። አር.ሲ.አይ. ሳምንቶቹን ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ብሎ ከፍሏቸዋል፤ ቀይ ተፈላጊው፣ ሰማያዊው ፈላጊ የሌለው ወቅት ነው። ሰማያዊ የገዛ ሰው ልለዋውጥ ቢል የሚያገኘው ያንኑ የሚመስል ነው፤ መዋጮው ግን በቀለሙ ልክ አይቀንስለትም።

ከሁለተኛ እጅ መግዛት ሁሉንም መብት የማያስገኝበትም ጊዜ አለ። ዲዝኒ ለሽያጭ የቀረበን ድርሻ በተስማሙበት ዋጋ ራሱ የመግዛት ቀደምትነት አለው። ከጃንዋሪ 19 ቀን 2019 በኋላ በቀድሞዎቹ 14 ቤቶቹ ያለ ድርሻ ከሁለተኛ እጅ የገዛ ሰው፣ በዚያው ዓመት በተከፈተው በሪቪዬራና ከዚያ በኋላ በተሠሩት ቤቶቹ በነጥቡ ሊያርፍ አይችልም። በዚህም ሁሉ የዲዝኒ ድርሻ ከሌሎቹ ይልቅ ዋጋውን ጠብቆ የቆየ ነው። ገደብም አለው፤ በአያሌ ቤቶቹ ያለው መብት በ2042 ያበቃል። ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ ሆኖም መቋጫ ያለው ዕዳ መቋጫ ከሌለው ይሻላል። ለዘለዓለም የተባለ ውል ከሟቹ ንብረት ጋር ወደ ወራሾች ይሄዳልና፣ የማይፈልጉት ልጆች ድርሻውን አንቀበልም ብለው በጊዜው በጽሑፍ ማስታወቅ ይኖርባቸዋል። የስፔን ሕግ በ1998 የውሉን ዘመን ከ3 እስከ 50 ዓመት ወሰነ፤ የአገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 በሰጣቸው ውሳኔዎች ይህን ወሰን የጣሱ ዘመን የለሽ ውሎችን ውድቅ አድርጓል።

ግዥው በሚፈጸምበት ጊዜ ከሁሉ የሚቀድመው ከቤቱ አስተዳደር የሚሰጥ የጽሑፍ ማረጋገጫ ነው፤ ሻጩ ውዝፍ መዋጮ እንደሌለበት፣ የዚህ ዓመት ሳምንት እንዳልተያዘና የሚቀጥለው መዋጮ ስንት እንደሆነ በዚያ ይታወቃል። ገንዘቡም ለሻጩ በእጁ አይሰጥም፤ ስሙ እስኪዛወር ድረስ በአደራ በሚይዝ ፈቃድ ባለው ሦስተኛ ወገን ዘንድ ይቀመጣል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን፣ ሊገዛ ያሰበ ሰው ያንኑ ቤት ከአንድ ባለድርሻ ለአንድ ሳምንት ተከራይቶ ቢያርፍበት የሚጎዳው የለም። ብዙ ባለድርሻዎች መዋጮአቸውን ለመሸፈን ያከራያሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ኪራዩ ከመዋጮው ያነሰ ሆኖ ይገኛል። እንዲህ በሆነበት ቤት ዘንድ መግዛቱ ለምን እንደሚያስፈልግ መልስ የሚሰጥ አይገኝም።

በአዳራሹ ተረትቶ የፈረመ ሰው ሕጉ ጥቂት ቀን ይሰጠዋል። በፍሎሪዳ 10፣ በካሊፎርኒያ 7፣ በኔቫዳ 5 ቀን ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በ2008 በወጣው መመሪያ 14 ቀን ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሻጩ ቅድሚያ ክፍያ መቀበል አይፈቀድለትም። የፍሎሪዳ ገዢ ይህን መብቱን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም እንኳ ፊርማው አይጸናም። የመሰረዣው ደብዳቤ በጽሑፍ ሆኖ ውሉ በሚያዘው አድራሻ፣ የተላከበት ቀን በሚታወቅበት መንገድ መላክ አለበት፤ በስልክ መናገር አይበቃም። ነጋዴዎቻችን በሚመላለሱባት በዱባይም በ2020 የወጣው 14ኛው ሕግ ሻጮቹን በፈቃድ እንዲሠሩ ስላስገደደ፣ ፈቃዱን አሳየኝ ማለት የገዢው ድርሻ ነው።

ገቢው በብር የሆነ አንባቢ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለበት። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ያህል የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያች አጭር ጊዜ የ1,200 ዶላር መዋጮ ከ70,000 ብር በታች ከነበረበት ከ120,000 ብር በላይ ሆነ፤ ቤቱ ግን አንድ ወንበር እንኳ አልተጨመረበትም። ምንዛሪውም በየዓመቱ መገኘት ስላለበት፣ ባንክን ሳይጠይቁ የውጭ አገር መዋጮ መፈረም ያልተፈቀደለትን ዕቃ እንደ ማዘዝ ያለ ነው። አሜሪካ የሚኖሩ ዘመዶች በራሳቸው ስም ገዝተው መዋጮውን ሲከፍሉ ይህ ችግር ይቀራል፤ የሚቀረው የቤተሰቡ የመዋጮ ክርክር ነው።

የሚወጣበት መንገድም እንደሚገባበት መታሰብ አለበት። ድርሻህን በጥሩ ዋጋ እንሸጥልሃለን፣ ግብርና የሰነድ ወጪ ብቻ አስቀድመህ ላክ የሚሉ ደዋዮች ብዙዎችን አራቁተዋል። የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር በ2024 እንዳስታወቀው፣ ከ2019 እስከ 2023 ድረስ ከሜክሲኮ በሚነሣ እንዲህ ባለ ማጭበርበር 6,000 ያህል አሜሪካውያን ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር መነጠቃቸውን ለመንግሥት ምርመራ መሥሪያ ቤት አመልክተዋል፤ ከጀርባውም የሃሊስኮ የወንጀል ቡድን ይገኝበታል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው የሸጠው ኩባንያ ራሱ ነው። ከትላልቆቹ አንዳንዶቹ ዕዳው ተከፍሎ ያለቀና መዋጮው ያልተወዘፈ ድርሻን መልሰው ይረከባሉ፤ ገንዘብ አይመልሱም፣ ግዴታውን ግን ያነሣሉ። ብድሩ ያላለቀለትን አይቀበሉትም።